ከዓባይ ሸለቆ እስከ ሰሜን ተራሮች፦ የኋላ ስታቢላይዘር የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓባይ ሸለቆ፣ በጎጃምና በጎንደር በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቀው መንገድ በጉዞ ጽሑፎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በገዳማቱ፣ በቤተ መንግሥቶቹና በሚያልፍባቸው ከተሞች ነው። ይኸው መንገድ በተሽከርካሪዎች ላይ ከሚያሳርፈው ጫና አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ካርታ ይወጣዋል፤ በዚህ ካርታ ላይ ዋናዎቹ ምልክቶች ኩርባዎች፣ ቁልቁለቶች፣ የአስፋልት እጥፋቶችና ኮረኮንቾች ናቸው። ይህ ማስታወሻ የሚጓዘው በዚህኛው ካርታ ሲሆን፣ የሚከተለውም ከመኪና ሆድ በታች የሚገኝን፣ ብዙ ተሳፋሪ ስሙን እንኳ የማያውቀውን አንድ ብረት፣ ማለትም የኋላውን ስታቢላይዘር ነው። ይህ ብረት የሚሰበረው መንገዱ ፈጽሞ በማይፈልገው ስፍራ ላይ፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ሊሰበር የማይችል በሚመስልበት ስፍራ ላይ በመሆኑ፣ እሱን መተካት የመካኒክ ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱ በጠቅላላው የማሰብም ጉዳይ ይሆናል።

ስታቢላይዘር ሞላ ከሚሠራበት ዓይነት ጠንካራና ተለጣጭ ብረት የሚዘጋጅ፣ ሁለት ጫፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የታጠፉ ረጅም ዘንግ ነው። በአገራችን ለአስጎብኚ ድርጅቶችና ለመስክ ሠራተኞች ሲያገለግል በኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተመረተውና 80 በሚለው ቁጥር በሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሞዴል ላይ የዘንጉ መካከለኛ ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ከኋላ አክስሉ ጋር ይታሰራል፤ አክስል የሚባለው ሁለቱን ጎማዎች ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘውና በመካከሉ ዲፈረንሻሉን የሚይዘው ወፍራም ብረት ነው። ዘንጉ ከአክስሉ ጋር የሚታሰረው በቀጥታ ሳይሆን፣ ጎሚኒ በተባሉ ሁለት የላስቲክ ትራሶች ታቅፎና እነሱን በሚይዙ ቅንፍ መሰል ብረቶች ተጠፍሮ ነው። የታጠፉት ጫፎቹ ደግሞ ሊንክ በሚባሉ አጫጭር ማያያዣዎች አማካይነት ከሻንሲው፣ ማለትም የመኪናውን ገላ ከሚሸከመው የብረት አጥንት ጋር ይገናኛሉ። በሌሎች መኪናዎች ላይ አቀማመጡ ተገልብጦ መካከለኛው ክፍል ከሻንሲው፣ ጫፎቹ ከጎማዎቹ ወገን ሊታሰሩ ይችላሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ ሲሉ ዘንጉ በጎሚኒዎቹ ውስጥ እንዳለ ይዞራል እንጂ ምንም ተቃውሞ አያሳይም። አንደኛው ጎማ ከፍ ሲልና ሌላኛው ዝቅ ሲል ግን፣ ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ በሁለት ጫፉ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጠመዝዙት ሁሉ፣ ዘንጉ በመካከሉ ይጠመዘዛል፤ ብረቱም ወደ ነበረበት ለመመለስ በሚያደርገው ትግል የሁለቱን ወገኖች ከፍታ ልዩነት ለማጥበብ ይገፋል። መኪና ኩርባ ሲዞር ገላው ወደ ውጭው ወገን ስለሚያዘነብል፣ በውጭው በኩል ያለው ሞላ ይጨመቃል፣ በውስጠኛው በኩል ያለው ይለጠጣል፤ ስታቢላይዘሩ የሚሠራው በዚህ ቅጽበት ሲሆን፣ ሥራውም ዝንባሌውን ማጥፋት ሳይሆን መቀነስና አዝጋሚ ማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ ላይ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1919 ያገኘው በካናዳ የኒው ብራንዝዊክ ነዋሪ የነበረው ስቲቨን ኮልማን መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ባለፈው ምዕተ ዓመት ውስጥ የብረቱ ጥራትና የማያያዣዎቹ ዓይነት ቢሻሻልም መሠረታዊው ሐሳብ አልተለወጠም።

ጉዞው ከአዲስ አበባ ሲጀምር ይህ ብረት የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። መንገዱ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ፣ ቀጥሎም በፍቼ አጠገብ አልፎ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲያመራ፣ በአመዛኙ የሚያልፈው በከፍተኛ ደጋ ሜዳ ላይ ስለሆነ መኪናው የሚንቀሳቀሰው ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚረግጡት ተመሳሳይ መሬት ስለሆነ ዘንጉ በትራሶቹ ውስጥ በጸጥታ ይዞራል፤ ስታቢላይዘሩ ተፈትቶ አዲስ አበባ ቢቀር እንኳ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ባለው ቀጥተኛ መንገድ ልዩነቱን የሚያስተውል ተሳፋሪ አይገኝም ማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ባለ መኪኖች ክፍሉን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥሩታል፤ ፍርዱ የተሰጠው ግን ክፍሉ ምንም ባልተጠየቀበት ስፍራ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎሃ ጽዮን በኋላ ግን መንገዱ ባሕርይውን በድንገት ይለውጣል። ከደጋው ጠርዝ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ መንገዱ ይህን ልዩነት የሚወርደው ተራራውን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘና በጠባብ ኩርባዎች ላይ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። በታችኛው በረሃ ወንዙን የሚያሻግሩት ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠራው አሮጌው ድልድይ ሲሆን፣ ሌላኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአገልግሎት የበቃው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ነው። ይሁንና ከድልድዮቹ በላይ ያለው ዳገት እንደ ድልድዮቹ የጸና አይደለም፤ የሸለቆው ግድግዳ በዝናብ ወቅት በውኃ እየራሰ ስለሚንሸራተት፣ በላዩ የተዘረጋው አስፋልት በየቦታው ይሰምጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን ይህን የመሬት መንሸራተት ማጥናታቸውና የመከላከያ ሥራዎችን መሞከራቸው የችግሩን ክብደት ያመለክታል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ በኋላው ዘንግ ላይ የሚደርሰው ነገር በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። መኪና ኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው የሚመስለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም፤ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በዚህ ስሌት በአንድ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን በሰዓት ከ40 ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሩብ ያህል ያሳደገ ሾፌር የጎን ግፊቱን በ56 በመቶ አሳድጎታል ማለት ነው። በዚያ ላይ የጉዞ መኪና ጣሪያው ላይ ድንኳን፣ ትርፍ ጎማ፣ የነዳጅ ጀሪካንና የምግብ ዕቃ ጭኖ የሚጓዝ በመሆኑ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይላል፤ ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥርም ያው የጎን ግፊት ገላውን ይበልጥ ያዘነብለዋል። አስፋልቱ በኩርባው መካከል ሰምጦ ከተገኘ ደግሞ፣ ቀድሞውኑ ያዘነበለው መኪና በአንድ ወገን ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ዝንባሌው ይደራረባል። ስታቢላይዘር የሌለው መኪና በዚህ ስፍራ ይገለበጣል ብሎ መደምደም ማጋነን ነው፤ ሆኖም ገላው ይበልጥና በፍጥነት ያዘነብላል፣ ከኩርባው ሲወጣ ለመረጋጋት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ተከታዩ ኩርባ የሚመጣውም ይህ መረጋጋት ሳይጠናቀቅ ነው።

የኋላው ስታቢላይዘር ከፊተኛው ጋር ያለው ግንኙነትም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። አብዛኞቹ መሰል መኪናዎች ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ዘንግ አላቸው፤ በኩርባ ላይ ከውስጠኛው ወደ ውጨኛው ጎማ የሚዛወረው ክብደትም በሁለቱ መካከል የሚከፋፈለው እንደ ዘንጎቹ ጥንካሬ መጠን ነው። የኋላው ተፈትቶ የፊተኛው ብቻ ሲቀር የፊት የውጭ ጎማ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ በዚህም ምክንያት መሪው ቢታጠፍም የመኪናው አፍንጫ ወደ ኩርባው ውጭ የመንሸራተት ዝንባሌ ያሳያል። በተቃራኒው ከኋላ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘንግ ቢገጠም የመኪናው ጀርባ ከኩርባው ወደ ውጭ ለመውጣት ይቀለዋል። እንግዲህ ከኋላ የሚገጠመው ዘንግ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከፊተኛው ጋር የሚመጣጠን መሆኑም የግድ ያስፈልጋል።

ደጀን ላይ ዳገቱ አልቆ የጎጃም ደጋ ሲጀምር የመንገዱ ጥያቄ እንደገና ይለወጣል። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል እስከ ባሕር ዳር ድረስ ያለው መንገድ በእርሻ መሬት መካከል የሚያልፍና በአመዛኙ ለጥ ያለ ሲሆን፣ በየከተማው መግቢያ የተሠሩት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ግን ለተመልካች መካኒክ የምርመራ ዕድል ይሰጣሉ። ጉብታው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያቋርጥ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ላይ ይወጡበታል፤ ስታቢላይዘሩም አይጠመዘዝም። መኪናው ጉብታውን በጸጥታ አልፎ፣ በአንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲረግጥ ከኋላ ኳኳታ የሚያሰማ ከሆነ ጥርጣሬው በመጀመሪያ የሚያርፈው በስታቢላይዘሩ ሊንኮችና ጎሚኒዎች ላይ ነው፤ በሁለቱም ሁኔታ የሚያንኳኳ ከሆነ ግን የአሞርዛተሮቹ፣ ማለትም የሞላውን ንዝረት የሚያበርዱት ዘይት የያዙ ቱቦዎች፣ ማሰሪያ ቀድሞ ሊመረመር ይገባል። በዚሁ ሜዳ ላይ ስታቢላይዘሩ ድንገት የሚፈለግበት ጊዜም አለ፤ ከብት ወይም ባለ ሦስት እግር ባጃጅ በድንገት መንገድ ሲገባ ሾፌሩ መሪውን ወደ አንድ ወገን ወዲያውም ወደ ሌላው ለመመለስ ይገደዳል፣ በዚህ ድርብ እንቅስቃሴ ላይም ገላው ከአንድ ጎን ወደ ሌላው የሚወረወርበትን መጠን የሚወስነው ይኸው ዘንግ ነው።

ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተሻገረ ተጓዥ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከተማ ናት፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ሲሆን፣ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሠፍሮ የቆየባቸው ምክንያቶች ከዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆልና ከሰው ሠፈራ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው የተሽከርካሪ መንገድም ከሥጋቶቹ አንዱ ሆኖ ይነሣ ነበር። መንገዱ ለዱር እንስሳቱ ሥጋት የነበረውን ያህል በላዩ ለሚያልፈው መኪናም ፈተና ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የቧሂት ማለፊያ የሚወጣው ይህ መንገድ ጠጠር፣ አፈርና ድንጋይ የተቀላቀለበት ፒስታ ነው።

በጠጠር መንገድ ላይ የሚፈጠረው ተከታታይ ሞገድ ከመኪናዎቹ ከራሳቸው የሚመነጭ ነው። አንድ ጎማ ትንሽ ጉብታ ላይ ሲወጣ ይዘልና ከጉብታው ባሻገር መሬቱን ይመታል፤ በመምታቱም ትንሽ ጉድጓድና ከፊቱ ሌላ ጉብታ ይፈጥራል፣ ተከታዩ መኪና ይህን ሥራ ይቀጥላል፣ ከጊዜ በኋላም መንገዱ በሙሉ ወደ ተደጋጋሚ ሞገድ ይለወጣል። በዚህ ሞገድ ላይ የግራና የቀኝ ጎማዎች ሁልጊዜ አብረው ስለማይዘሉ ስታቢላይዘሩ በየሰኮንዱ ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፤ ይህ ጥምዘዛ በዘንጉ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አነስተኛ ቢሆንም ሊንኮቹንና ጎሚኒዎቹን ግን ያለማቋረጥ ይፈጫቸዋል። የቀን ፀሐይና የደጋው ብርድ፣ በተለይም በጨነቅ አካባቢ እስከ ውርጭ የሚደርሰው የሌሊት ቅዝቃዜ፣ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ጎማዎቹ የሚወረውሩት ጠጠር ደግሞ የዘንጉን ቀለም ይልጠዋል፤ ቀለሙ በተላጠበት ስፍራ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገቱ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ይፈጥራል፣ ከዚያች ነጥብም ስንጥቅ ይነሣል። ዘንጉ ራሱ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ጫፉ በታጠፈበት ክርን ላይ ወይም ጎሚኒው በሚያቅፈው ክፍል አጠገብ ነው።

መንገዱ በጎርፍ በተቦረቦረበት ወይም ድንጋይ ባገጠጠበት ስፍራ ደግሞ ጫናው በዓይነት ይለያል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ቦይ መውረድ አለበት፤ መሬቱን ሳይለቅ መውረዱም መኪናው ወደ ፊት ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጉተታ ይሰጠዋል። ስታቢላይዘሩ ግን በተፈጥሮው ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ስለሚታገል፣ በሸለቆው ኩርባ ላይ ጠቃሚ የነበረው ይኸው ባሕርይ እዚህ ላይ የታችኛውን ጎማ ከመሬት እስከማንሣት ሊደርስ ይችላል፤ በአየር ላይ የቀረው ጎማም በከንቱ ይሽከረከራል። አምራቾችም ይህን ተቃርኖ ያውቁታል። የኒሳን ፓትሮል ዋይ61 አንዳንድ ሞዴሎች ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የኋላውን ስታቢላይዘር የሚያላቅቅበት ማብሪያ ተገጥሞላቸው ነበር፤ ቶዮታ ደግሞ በኋላ ዘመን ባወጣቸው አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ላይ የፊቱንና የኋላውን ስታቢላይዘር በዘይት ግፊት እያገናኘ በኩርባ ላይ የሚያጠነክር፣ በድንጋይ ላይ የሚያላላ ሥርዓት ተጠቅሟል። ከሁለቱም ዘዴዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ዘንጉን ማላላት ተገቢ የሚሆነው ለስፍራውና ለጊዜው ሲሆን፣ ወደ ፍጥነት ሲመለሱ ተመልሶ መታሰር አለበት።

በሰሜን ተራሮች ላይ ሊንኩ የተበጠሰበት ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ውሳኔ የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው። የተበጠሰው ሊንክ ዘንጉን ለቅቆት ከአክስሉ ወይም ከፍሬን ቱቦው ጋር እንዲጋጭ ስለሚያደርግ፣ በስፍራው ላይ ሊደረግ የሚገባው ዘንጉን ፈትቶ ማውጣት ወይም በሽቦ አጥብቆ ማሰር ነው፤ እስከዚህ ድረስ ውሳኔው ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ዘንጉ ከወጣ በኋላ መኪናው በድንጋዩ ላይ ከቀድሞው በተሻለ መንገድ ሲራመድ፣ ኳኳታውም ሲጠፋ፣ ሾፌሩ ክፍሉ አላስፈላጊ ነበር ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ምስክርነቱ እውነተኛ ነው፤ የተሰጠበት ስፍራ ግን ክፍሉ በሚጎዳበት እንጂ በሚጠቅምበት ቦታ አይደለም። ተመልሶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ሁለት ቀን ያህል በሜዳ ላይ ስለሚነዳ መደምደሚያው እየጸና ይሄዳል፤ የሚፈተነው ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ መውረድ ሲጀምር ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚቀጥል ተጓዥ ግን ፈተናው ወዲያውኑ ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀየሱት የሊማሊሞ ቁልቁለት ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ ስለሚጀምር ነው።

ስለዚህ መተካቱ ከጉዞው መጨረሻ በፊት፣ በደባርቅ ወይም የተሻለ ጋራዥ በሚገኝባት በጎንደር መፈጸም ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ጥያቄ የመለዋወጫው ምንጭ ነው። አዲስ ዘንግ በክፍለ ሀገር ከተማ ላይ ስለማይዘወተር፣ የተለመደው መንገድ በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ካለው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ዘንግ አስገዝቶ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ማስላክ ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ይህ ሰንሰለት ስለሚቋረጥ፣ ጥንቁቅ ተጓዦች ቢያንስ ሊንኮቹንና ጎሚኒዎቹን ከመነሻው ይዘው ይጓዛሉ። ያገለገለ ዘንግ ሲገዛ የሚመረመሩት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ በክርኖቹና ጎሚኒው በሚቀመጥበት ክፍል ላይ ስንጥቅ ወይም ጥልቅ ዝገት አለመኖሩ፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል መቆማቸው፣ ውፍረቱም ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑ። የውፍረቱ ነገር ቀላል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ የዘንጉ የመጠምዘዝ ተቃውሞ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ልክ ስለሆነ፣ ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 22 ሚሊ ሜትር ያደገ ዘንግ በዓይን ሲታይ ተመሳሳይ ቢመስልም በጥንካሬ ግን 46 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ከፊተኛው ጋር የነበረውንም ሚዛን ያፋልሳል።

የተሰበረውን ዘንግ በብየዳ መቀጠል በየከተማው የሚቀርብ ርካሽ አማራጭ ሲሆን፣ ለብዙ የመኪና ብረቶች የሚያገለግለው ይህ ዘዴ ለስታቢላይዘር ግን አይበጅም። ዘንጉ ተጠምዝዞ የመመለስ ችሎታውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በልዩ ሁኔታ ግሎና ቀዝቅዞ በመዘጋጀቱ ነው፤ የብየዳው እሳት ይህን ዝግጅት በብየዳው ዙሪያ ያጠፋዋል፤ በዚያ ስፍራ ብረቱ ተሰባሪ ወይም ልፍስፍስ ይሆናል። እንዲህ የተቀጠለ ዘንግ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው ከፍተኛ ጥምዘዛ በሚደርስበት ጊዜ፣ ማለትም በኩርባ ላይ ነው። የዛገ ቡሎን ለማላላት እሳት የሚጠቀም መካኒክም ነበልባሉን ከዘንጉ ማራቅ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመተካቱ ሥራ ራሱ ውስብስብ አይደለም፤ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልን ነው። መኪናው ደልዳላ ስፍራ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ለፊት ጎማዎችም ታኮ ይደረጋል። ላንድክሩዘርን የመሰለ ከፍ ያለ መኪና ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ ሥራው ሊከናወንበት ስለሚችል፣ በክሪክ ማንሣት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ማንሣት ግድ ከሆነ ግን በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፣ አክስሉ በሁለቱም ወገን በእኩል ከፍታ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት። ከፍታው እኩል ካልሆነ ዘንጉ ተጠምዝዞ ስለሚቆይ፣ የመጨረሻው ቡሎን ሲፈታ በኃይል ተፈናጥሮ እጅ ሊመታ ይችላል። በዝገት የተያዙት ዳዶዎች በሽቦ ብሩሽ ተጠርገውና ዘልቆ የሚገባ ዘይት ተቀብተው ለጥቂት ጊዜ ይተዋሉ፤ ከዚያም በመጀመሪያ ሊንኮቹ ከሻንሲው ይፈታሉ፣ ቀጥሎም ጎሚኒዎቹን የያዙት ቅንፎች ይወልቃሉ፣ ዘንጉም ከጭስ ማውጫው ቱቦ በላይ ወይም በታች ምቹ በሆነው በኩል ይወጣል። አሮጌውና አዲሱ ዘንግ ጎን ለጎን ተጋድመው ሲነጻጸሩ የክርኖቹ አቅጣጫ ይታወቃል፤ ዘንጉ ተገልብጦ ቢገባ በቆመ መኪና ላይ ሳይታወቅ ቀርቶ ጎማዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ከአክስሉ ወይም ከፍሬን ቱቦው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ይህ ንጽጽር መዘለል የለበትም።

በመግጠሙ ወቅት ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው ቅባት ነው፤ በየጋራዡ በብዛት የሚገኘው ግራሶ ከነዳጅ ዘይት የሚዘጋጅ በመሆኑ የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያበሰብሰዋልም፤ ስለዚህ ጎሚኒውን በዘንጉ ላይ ለማንሸራተት የሳሙና ውኃ ወይም ሲሊከን የተባለው ቅባት ይመረጣል። ሁለተኛው የማጥበቂያው ጊዜ ነው። ሁሉም ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ገብተው ላላ ብለው ይቆያሉ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ የሚፈጸመው መኪናው በራሱ ክብደት ጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የተጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ስለሚቀር፣ ምንም ሳይጓዝ የዕድሜውን ክፍል ያጣል። የሊንኮቹ ዳዶ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ላስቲኩ ከሮንዴላው ሥር ተጨፍልቆ ይወጣል፤ ሲላላ ደግሞ ኳኳታው ይመለሳል፤ ልኩን ለማግኘት አምራቹ ለዚያ ሞዴል በወሰነው መጠን፣ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ መሥራት ከግምት የተሻለ ነው። ሊንክና ጎሚኒ በአንድ ወገን ብቻ ቢበላሽ እንኳ በሁለቱም ወገን መቀየር ይመከራል፤ ያንኑ መንገድ የተጓዘው ሌላው ወገን ተመሳሳይ ድካም ስላለበት፣ እሱም የሚበጠሰው በቅርብ ጊዜ ነው።

ከጥገናው በኋላ የሚደረገው ፍተሻም ቦታውን መምረጥ አለበት። ጋራዡ በር ላይ ካለው ጉብታ በላይ መመላለስ ስለ ስታቢላይዘሩ ምንም አይናገርም፤ መኪናው ቀስ ብሎ አንድ ወገን ጎማውን ብቻ ወደ ጉድጓድ ሲያስገባ ድምፅ አለመኖሩ፣ በመጠነኛ ፍጥነት በክፍት ኩርባ ላይ ሲዞርም ዝንባሌው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆኑ መታየት ይኖርበታል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ አዲሱ ላስቲክ ስለሚረግብ ዳዶዎቹ ዳግመኛ ይፈተሻሉ፤ ከጎንደር ለሚመለስ መኪና ደብረ ማርቆስ ለዚህ ምቹ ማረፊያ ናት፣ ምክንያቱም ከዓባይ ሸለቆ በፊት የምትገኝ ትልቅ ከተማ በመሆኗ የተገኘው ጉድለት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሊስተካከል ይችላል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚሰበር ክፍል ሁሉ በተሰበረበት ስፍራ መመዘኑ የተለመደ ነው፤ ተጓዡ የቆመበት ቦታ ችግሩን የሚያይበት መስኮት ስለሚሆን፣ ከዚያ ያለፈውን ወይም ወደፊት የሚመጣውን መንገድ ማስታወስ ይከብዳል። ስታቢላይዘሩ ግን ይህን አመዛዘን አይቀበልም፤ በሰሜን ተራሮች ላይ እንቅፋት መስሎ የተጣለው ዘንግ የዓባይ ሸለቆ መሣሪያ ነበር፣ ክፍሉን የሠራውም ሰው ሁለቱን መንገዶች በአንድ ብረት ለማስማማት ተገድዷል። እንዲህ ዓይነቱ ስምምነት በማንኛውም አንድ ስፍራ ላይ ጉድለት ሆኖ መታየቱ አይቀርም፤ ፍትሐዊ ሚዛኑ የሚገኘው ጉዞው በሙሉ ሲታሰብ ብቻ ነው። መኪናውን ለረጅም መንገድ የሚያዘጋጅ ሰውም ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ክፍሉ የት ተሰበረ የሚለውን ሳይሆን፣ ከዚህ በኋላ የቱ ኩርባ ይጠብቀናል የሚለውን ነው።